ሦስተኛው አኃዝ

በመጨረሻው የሥራ ቀኔ ባልደረቦቼ ያመጡልኝ ኬክ ላይ በሰማያዊ ክሬም «8 ዓመት» ተብሎ ተጽፎ ነበር። ልክ አይደለም። ሰባት ዓመት ከዘጠኝ ወር ነው። ሰው ሁሉ ያው ነው ብሎ ያልፈዋል፤ እኔም ምንም ሳልል ድርሻዬን በላሁ። ግን እያኘክሁ ቁጥሩን ማን እንዳጠጋጋው በዓይኔ እፈልግ ነበር።

የተጠጋጋ ቁጥር ሳይ አንድ ሰው ከኋላው የሆነ ነገር የደበቀ ይመስለኛል። ይህ ጥርጣሬ አብሮኝ አልተወለደም። ከአንድ ሽማግሌ የተማርኩት ነው። ያን ሽማግሌ ስጠረጥር ደግሞ ቁጥሩን ያጠጋጋሁትና የደበቅሁት እኔ ራሴ ነኝ። አሁን ሥራውን ትቼ ዉድበሪ በምትባል ከተማ ባለ አንድ ክሊኒክ የቀዶ ጥገና መሣሪያ አጸዳለሁ። ከመርሳቴ በፊት፣ ወይም ታሪኩን ለራሴ እንዲመች አድርጌ ከማስተካከሌ በፊት፣ የሆነውን በቅደም ተከተል ልጽፈው ፈለግሁ።

ሥራዬ ሲነገር ሥራ አይመስልም። አሜሪካ፣ ሴንት ፖል ከተማ ውስጥ ባለ አንድ የግንባታ ቁሳቁስ መፈተሻ ላቦራቶሪ፣ መሐንዲሶች ግራፍ በሚያወጡበት ሶፍትዌር የቁጥር ሠንጠረዦችን አሰናዳ ነበር። ኮንክሪት ሳይሰበር ስንት ጭነት እንደቻለ፣ አፈር ምን ያህል እንደ ሰመጠ፣ ግድግዳ ምን ያህል እንደ ተሰነጠቀ በሠራተኞች ደብተር ተጽፎ ወደ እኔ ይመጣል። እኔ ለየዓምዱ ስም እሰጣለሁ፣ በምን እንደተለካ እጽፋለሁ፣ ከነጥቡ በኋላ ስንት አኃዝ እንደሚታይ እወስናለሁ። ከዚያ ሶፍትዌሩ ከሠንጠረዡ ግራፍ ይሠራል። ግራፉን ሁሉም ሰው ያያል። ሠንጠረዡን የሚያይ ግን እምብዛም የለም። እናቴ ምን እንደምሠራ ሁለት ጊዜ አስረድቻት ሳበቃ «ታዲያ መስመር አስምረህ ነው የሚከፍሉህ?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ለዘመድ «ኮምፒዩተር ላይ ነው» ብላ ታሳጥረዋለች።

መጀመሪያ የተቀጠርኩት ለጉልበት ሥራ ነበር። የኮንክሪት ናሙና ከመኪና አወርዳለሁ፣ መጫኛው ማሽን ላይ አቆማለሁ፣ ሲሰበር ፍርስራሹን እጠርጋለሁ። ሶፍትዌሩን ያስተማረኝ የለም። ፊሊፕስ ሰፈር ከምንኖርበት አፓርትመንት አጠገብ ያለው ቤተ መጻሕፍት እየተቀመጥኩ የነፃ ቪዲዮ አይቼ፣ መመሪያውን ከመጀመሪያ ገጽ እስከ መጨረሻ አንብቤ ነው። ከቢሮ ተጥለው ያገኘኋቸውን ሠንጠረዦች ለልምምድ እንደገና እሠራቸው ነበር። አንድ ቀን ከተጣሉት መካከል አንዱ ላይ የግራፉ መስመር በመሃል ወለሉን ነክቶ ሲመለስ አየሁ። መስመሩ በወረደበት ቀን አፈሩ ጨርሶ አልተለካም ነበር፤ የጻፈው ሰው ክፍት እንዳይሆንበት ዜሮ ሞላበት። ለሶፍትዌሩ ባዶ ቦታ ማለት «አላየንም» ነው። ዜሮ ማለት «አይተን ምንም አላገኘንም» ነው። ሁለቱ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ይህን ጽፌ ለአለቃችን ለዴቭ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። በሚቀጥለው ሳምንት ከፍርስራሽ ጠራጊነት ወደ ኮምፒዩተር ተዛወርኩ። ደሞዙም ትንሽ ከፍ አለ።

ዴቭ ደግ ሰው ነው፤ ግን ሁልጊዜ ይቸኩላል። ስሜ ቢንያም ቢሆንም ቤን ይለኛል። የሚወዳት ቃል «ክሊን»፣ ንጹሕ፣ ናት። ሪፖርት ሊላክ ሲል ከኋላዬ ቆሞ «ክሊን አድርገው ቤን» ይላል። ምን ማለቱ እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም። ፊደሉ እኩል ይሁን ማለቱ ነው? ወይስ የሚያስጠይቅ ነገር አይታይ? በሰባት ዓመት ከዘጠኝ ወር ውስጥ አላወቅሁም፤ እሱም የሚያውቅ አይመስለኝም።

ቁጥሩን ከሥሩ ያስተማሩኝ ግን ጋሽ እድሪስ ናቸው። ከስድሳ ያለፉ ኤርትራዊ ነበሩ፤ ላቦራቶሪው ውስጥ ከዴቭም ከእኔም በፊት የነበሩ። አማርኛ የተማሩት አስመራ ትምህርት ቤት ነው፤ የእጅ ጽሕፈታቸው ከእኔ ይበልጣል። «ወደይ» ይሉኛል፤ በትግርኛ ልጄ ማለት ነው። የላቦራቶሪውን ቫን ድራይቭ እያደረጉ አንድ ቀን እንዲህ አሉኝ፦

«አየህ ወደይ፣ እናትህ ኦሮሞ፣ እኔ የአስመራ ሰው፣ ግድግዳው የአሜሪካ። በአማርኛ ተነጋግረን ስንጥቁን እንለካለን። ይህን ለማን ትነግረዋለህ?»

ከመለኪያ ላይ ቁጥር ሲያነቡ አይቸኩሉም። ጌጁን፣ ማለትም መለኪያውን፣ አንዴ ያያሉ፣ ከዚያ ፊታቸውን አዙረው ሩቅ ይመለከታሉ፣ ተመልሰው እንደገና ያያሉ። ሁለቱ ካልገጠሙ ሦስተኛ ያያሉ። ያለፈው ሳምንት የተጻፈበትን ገጽ በልብስ መቆንጠጫ ይዘጉታል። ያለፈውን ያየ ዓይን ያንኑ ይፈልጋል ይሉ ነበር። እኔ የሠራሁትን ሠንጠረዥ ሲያዩ ደግሞ ጊዜው ያለፈበት የአውቶቡስ ካርድ አውጥተው ዓምዱን ይሸፍኑና ከታች ወደ ላይ፣ አንድ በአንድ እየገለጡ ያነባሉ። አንድ ቁጥር ላይ ይቆሙና ይጠይቁኛል፦

«ይህን አየኸው ወይስ ገመትከው?»

ደብተሩ ላይ ቀለሙ የፈሰሰበትን አኃዝ በግምት ሞልቼ ከሆነ ያገኙታል። እንዴት እንደሚያገኙት አላውቅም። «መጀመሪያ የጻፈውን ሰው ጠርጥር» ይሉኛል። «ከዚያ ራስህን። ማሽኑን መጨረሻ ላይ።» እኔም እንደተባልኩት ሁሉንም እጠረጥር ነበር። የሌሎቹን ቴክኒሻኖች ደብተር በብርሃን አዘቅዝቄ ሰርዘው የጻፉትን እፈልጋለሁ። ሰዓታቸውን ከቫኑ መዝገብ ጋር አስተያያለሁ። በምሳ ሰዓት አጠገቤ የሚቀመጥ ሰው ቢያንስም ቅር አላለኝም።

የጋሽ እድሪስን ደብተር ግን አልመረምርም ነበር። እንዲህ ዓይነት ነገር ነውር ይመስለኝ ነበር።

ለውድቀቴ ምክንያት የሆነው ሌክ ስትሪት አቅራቢያ ያለ አሮጌ ራምፕ ነው፤ ባለ ብዙ ፎቅ የመኪና ማቆሚያ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ጣሪያውን የተሸከመው ምሰሶና አግዳሚው የሚገናኙበት ቦታ ተሰንጥቆ ነበር። ስንጥቁ ላይ እንደ ሰዓት ክብ ፊት ያለው ጌጅ ተተከለ። መርፌው አንዲት መስመር ስትዘል የኢንች አንድ ሺህኛ ነው፤ ከነጥቡ በኋላ ሦስተኛው አኃዝ ማለት ነው። ጋሽ እድሪስ በየሐሙሱ መሰላል ላይ ወጥተው ያነባሉ፣ እኔ ከደብተራቸው ወደ ሠንጠረዡ አስገባለሁ። ዳኝነቱ ቀላል ነው። ኮንክሪት በብርድ ይኮማተራል፤ ስለዚህ በክረምት ስንጥቁ ትንሽ መስፋቱ አያስደነግጥም። ሙቀት ሲመለስ ግን መስፋቱ መቆም፣ ቀስ ብሎም መጥበብ አለበት። መስፋቱን ከቀጠለ ምሰሶውን ብርድ ሳይሆን ሌላ ነገር እየጎተተው ነው፤ ፎቁ መዘጋት አለበት። ከሥሩ ደግሞ በየቀኑ ሰው መኪናውን ያቆማል።

ዲሴምበር ላይ ዓምዱን ወደ ላይና ወደ ታች ሳንቀሳቅስ አንድ ነገር ዓይኔን ያዘኝ። 0.210፣ 0.215፣ 0.215፣ 0.220። ወደ መጀመሪያው ተመለስኩ። ከኦክቶበር አጋማሽ ጀምሮ ሦስተኛው አኃዝ ወይ ዜሮ ወይ አምስት ነው። አንድም ሦስት የለም፤ አንድም ሰባት የለም። እውነተኛ ንባብ እንዲህ አይደለም። የመጨረሻው አኃዝ እንደ ልቡ ነው የሚወድቀው። ሰው ከጭንቅላቱ ቁጥር ሲያወጣ ነው ዜሮና አምስት የሚወደው።

መሰላሉን አልወጡም አልኩ በልቤ። ጉልበታቸው ያማቸዋል፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ ቫን ውስጥ ቁጭ ብለው ነው የሚጽፉት።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁት ሁሉ ያሳፍረኛል። የቫኑን ኪሎሜትር መቁጠሪያ በየሐሙሱ ጠዋትና ከሰዓት ጻፍኩ። በልኩ ራምፑ ድረስ ደርሶ የተመለሰ ነው። ደብተራቸውን በድብቅ መረመርኩ። ወረቀቱ እርጥበት ጠጥቶ ደርቋል፤ ውጭ ነው የተጻፈው። አንድ ቅዳሜ ራሴ ሄድኩ። ከጌጁ ሥር ቆሜ አንጋጠጥኩ፤ ከመሬት አይነበብም። ጠባቂውን መሰላል መጠየቅ ይቻል ነበር፤ አልጠየቅሁም። ካየሁ መናገር ይኖርብኛል። ወደ መኪናዬ ተመለስኩ።

ሌላም ምልክት ነበር። ያን ክረምት ጋሽ እድሪስ ሠንጠረዥ ማየት ተዉ። የአውቶቡስ ካርዱ ከኪሳቸው አይወጣም። ላሳያቸው ስል «አንተ አይተኸው የለ? ይበቃል» ብለው ሻያቸውን ይዘው ይሄዳሉ። ጥፋተኛ ሰው የሠራውን ማየት ይጠላል ብዬ ደመደምኩ።

አንድ ጥያቄ በቂ ነበር፦ «ጋሽ፣ ይህ ለምን ሁልጊዜ በአምስት ያልቃል?» ማንኛውንም ሌላ ሰው ሳላመነታ እጠይቀው ነበር። ለእሳቸው ግን አፌ እንቢ አለ። ያስተማሩኝን ሰው ዋሽተዋል ማለት መሰለኝ። ይሉኝታ ያዘኝ።

ጃንዋሪ ውስጥ ዴቭ ከኋላዬ መጥቶ ግራፉን አየ። መስመሩ ደረጃ ደረጃ ሠርቷል፤ ጠፍጣፋ፣ ዝላይ፣ ጠፍጣፋ፣ ዝላይ።

«ይህ ለምን ደረጃ ይመስላል?» አለኝ።

ቢመረምሩ ጋሽ እድሪስን ያባርሯቸዋል፤ ጡረታ ሊወጡ ትንሽ ነው የቀራቸው። «ክሊን አደርገዋለሁ» አልኩት።

ሁለት ነገር አደረግሁ፤ ሁለቱም ከአንድ ደቂቃ በላይ አልፈጁም። የዓምዱን አቀማመጥ ከፍቼ የሚታየውን አኃዝ ከሦስት ወደ ሁለት ቀነስኩ። ቁጥሩ ከውስጥ አልተነካም፤ አይታይም እንጂ አለ። በዚህ ራሴን አጽናናሁ። ከዚያ የግራፉን ቁመት ከ0.20 እስከ 0.25 የነበረውን ከዜሮ እስከ አንድ ኢንች አደረግሁት። ደረጃው ተኝቶ ቀጥ ያለ መስመር ሆነ። ዴቭ ትከሻዬን መታ አድርጎ «አሁን ክሊን ነው» አለ።

ማርች ገባ፤ በረዶው መቅለጥ ጀመረ። ጋሽ እድሪስ አራት ሐሙስ በተከታታይ 0.235፣ 0.235፣ 0.240፣ 0.240 ብለው ጻፉ። በእኔ ሠንጠረዥ ላይ በሁለት አኃዝ ሲጠጋጉ አራቱም 0.24 ሆኑ። ዴቭ ይህን አይቶ ሪፖርቱ ላይ ስንጥቁ ቆሟል ብሎ ጻፈ። ሪፖርቱ በእኔ ኮምፒዩተር አልፎ ሄደ። አነበብኩት። 0.24 አራት ጊዜ ተደርድሮ ሳየው ደስ እንዳላለኝ አስታውሳለሁ፤ ምናልባት አሁን ሳስበው ይሆናል።

በሚቀጥለው ሳምንት ከአግዳሚው ሥር የአንድ ሰው ክንድ የሚያህል ኮንክሪት ተገምሶ ቆማ የነበረች መኪና ጣሪያ ላይ ወደቀ። ውስጧ ሰው አልነበረም። ፎቶውን ዴቭ ላከልን። የኋለኛው ወንበር ላይ የሕፃን መቀመጫ ታስሯል፤ ጣሪያው እስከ መቀመጫው ጫፍ ጎድጉዶ ወርዷል።

የሕንፃው ባለቤቶች መሐንዲስ፣ ዝግ ብላ የምትናገር ሴት፣ መጥታ የላቦራቶሪያችን የስብሰባ አዳራሽ ውስጥ ተቀመጠች። ፋይሉ በትልቁ ስክሪን ተከፈተ። ዓምዱን አየችና ጌጁ እስከ አንድ ሺህኛ የሚያነብ ከሆነ ሠንጠረዡ ለምን በሁለት አኃዝ እንደሚያበቃ ጠየቀች። ዴቭ ወደ እኔ ሳያይ አቀማመጡን ወደ ሦስት መለሰው። ዜሮና አምስቱ፣ ዜሮና አምስቱ ከላይ እስከ ታች ፈሰሰ። ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ገባው። ሁሉም ወደ ጋሽ እድሪስ ዞረ።

ዴቭ መሰላሉን ወጥተው እንደሆነ በእንግሊዝኛ ጠየቃቸው። ጋሽ እድሪስ ያየሁትን ነው የጻፍኩት አሉ። ሌላ አልጨመሩም። እኔ ጠረጴዛው ላይ ያለውን የራሴን እጅ እያየሁ ነበር።

ስብሰባው ለግማሽ ሰዓት ተቋረጠ። ጋሽ እድሪስ ወጥተው ቫኑ ውስጥ በተሳፋሪው ወንበር ተቀመጡ። ተከትዬ ገባሁ። ወደ መስታወቱ እያዩ ጠየቁኝ።

«መቼ አየኸው?»

«ዲሴምበር።»

«ለምን አልጠየቅኸኝም?»

«አፈርኩ፣ ጋሽ። መሰላሉን ሳይወጡ የሚጽፉ መስሎኝ…»

ይህን ስል ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። የሚቆጡ መስሎኝ ነበር። ቀስ ብለው የቫኑን ጓንት ማስቀመጫ ከፍተው ትርፍ ጌጅ አወጡና ጉልበቴ ላይ አስቀመጡት።

«ፊቱን እይ። ትንንሽ መስመሮች አሉ፤ በየአምስቱ ደግሞ ረዘም ያለች መስመር አለች። አይደለም? ትንንሾቹ ከኦክቶበር ጀምሮ ጠፍተውብኛል። ረጅሞቹን ብቻ ነው የማየው። መርፌዋ የቀረበችበትን ረጅም መስመር ጻፍኩ። አልገመትኩም፣ ወደይ። ያየሁትን ጻፍኩ።»

ጌጁን አየሁት። እንዳሉት ነው። ለዓመታት ከዚህ መሣሪያ የወጣ ቁጥር ሳሰናዳ ስለ ረጅሟ መስመር አስቤ አላውቅም ነበር።

«ለምን አልነገሩኝም?» አልኳቸው።

«እንዴት ብዬ? አላይም ብዬ? ላስተማርኩት ልጅ?» ትንፋሻቸውን ሳቡ። «አንተ ታየዋለህ ብዬ ነው። እዚህ ቤት ይህን የሚያይ ሌላ ሰው የለም። በየሐሙሱ ደብተሩን ስሰጥህ ዛሬ ይጠይቀኛል፣ ዛሬ ይጠይቀኛል እላለሁ። ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር። አንተ ግን ጭራሽ ሸፈንክልኝ።»

እሳቸው እስክጠይቃቸው ጠበቁ፣ እኔ አክብሬ ዝም አልኩ። አምስት ወር ሙሉ ሁለታችን ተከባብረን ከዚያ አግዳሚ ሥር ሰው መኪናውን ሲያቆም ኖረ።

ጌጁን ይዤ ወደ አዳራሹ ተመለስኩ። ለዴቭና ለመሐንዲሷ አኃዙን የደበቅሁት እኔ እንደሆንኩ፣ የግራፉን ቁመትም የለወጥኩት እኔ እንደሆንኩ ነገርኳቸው። እንግሊዝኛዬ ተቆራረጠ፤ ግን ጨረስኩት። ከዚያ የጋሽ እድሪስን ንባብ እንዲፈትኑ ጠየቅሁ። ዴቭ ጌጁን ራሱ እያንቀሳቀሰ አሥር ጊዜ ጠየቃቸው፣ ራሱም አነበበ። አሥሩንም ጊዜ መርፌዋ የቀረበችበትን ረጅም መስመር ተናገሩ፤ አንድም አልሳቱም። መሐንዲሷ እርሳሷን አስቀምጣ ሠንጠረዡን በሦስት አኃዝ ትንሽ አየችው። እነዚህ ሻካራ ንባቦች እንደተጻፉ ቢላኩላት ስንጥቁ በማርችም እየሰፋ መሆኑን አይታ ፎቁን ታስዘጋው እንደነበር ተናገረች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ስለዚህ ጥፋቱ የዓይናቸው አልነበረም። 0.235ን 0.24 ያደረገችው የእኔ አንድ ደቂቃ ነች።

ጋሽ እድሪስ በዚያው ወር በክብር ጡረታ ወጡ። ለእኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፤ አንድ ገጽ ነው፤ አንድ ስህተት አለበት፣ እንዲታረም አልጠየቅሁም። ብዙም ሳይቆይ ጌጆቹ በኤሌክትሪክ መለኪያ ተተኩ። ቁጥሩ ያለ ደብተር፣ ያለ እጅ፣ በቀጥታ ሠንጠረዡ ውስጥ ይገባል፤ የእኔ ሥራ ቀስ በቀስ ተሟጠጠ። ከመውጣቴ በፊት ያን ፋይል ከፍቼ ሦስቱም አኃዝ እንዲታይ፣ ቁመቱም እንደ ድሮው እንዲሆን አድርጌ፣ የዓምዱ ማስታወሻ ቦታ ላይ ምን እንደ ተደበቀና ማን እንደ ደበቀው ጽፌ ሴቭ አደረግሁ። ማንም አይከፍተውም ይሆናል።

ክሊኒኩ ውስጥ አሁንም እጠረጥራለሁ። የመሣሪያ ሳጥን ላይ አሥራ ሁለት መቀስ ይላል፤ እኔ ከመታሸጉ በፊት ሦስት ጊዜ እቆጥራለሁ። አንድ ቀን የክፍሉ ኃላፊ የሆኑ ትልቅ ሴት የቆጠሩትን አንድ ጎድሎ አገኘሁት። ሄጄ ጠየቅኋቸው። አመሰገኑኝ፤ በቃ፣ ይኸው ነበር።

እሑድ እሑድ ፊሊፕስ ጋሽ እድሪስ ጋ እሄዳለሁ። ልጆቻቸው በእንግሊዝኛ ነው የሚያወሯቸው፤ የሐኪም ወረቀት እኔ ነኝ የማነብላቸው። ያለፈው እሑድ ከዓይን ሐኪማቸው የመጣ ወረቀት ሰጡኝ። የግራ ዓይናቸው ግፊት፣ ከፍ ሲል ዓይን የሚያጠፋው፣ የተጻፈበት ቦታ ቀለሙ ሳስቷል። ያለፈው ጊዜ አሥራ ስድስት ነበር።

«አሥራ ስድስት» አልኩ።

ፊታቸውን ወደ ድምፄ አዞሩ።

«አየኸው ወይስ ገመትከው?»

«ገመትኩት» አልኳቸው። ተነሥቼ ወረቀቱን መስኮቱ ላይ ለጠፍኩት። ብርሃኑ ከኋላው መጣ። ፊቴን አዙሬ ሩቅ አየሁ፣ ተመልሼ እንደገና አየሁ።

«አሥራ ስምንት ነው፣ ጋሽ።»

ደብተራቸውን ከትራሳቸው አጠገብ በእጃቸው ዳብሰው አነሡና ዘረጉልኝ።

«ጻፈው» አሉኝ።